ክራባት ያሰረ ሾፌር

«ጎማ መጋዘን። በኋላ በር። ነገ ጠዋት።»

ዝንብ ይህን የተናገረው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው። ፊቱን ወደ መስታወቱ፣ እጁን ወደ ቧንቧው አድርጎ፣ ድምፁን ከውኃው ሹሹታ በታች ቀብሮ። እንዲህ ያለውን ሹክሹክታ ጎኑ የቆመ ሰው ይሰማዋል እንጂ ከእሱ ቀጥሎ ያለው አይሰማውም። ስንት ዓመት የለፋበት ጥበብ ነው።

ጎኑ ቆሞ እጁን የሚታጠበው ሰውዬ ግን አብራሪ ነው።

አብራሪ ደግሞ የነገሩትን መልሶ ሳይናገር አያድርም።

«ጎማ መጋዘን፣ በኋላ በር፣ ነገ ጠዋት፣ ተቀብያለሁ» አለ ካፒቴኑ፣ ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ጥርት ኩልል ባለ ድምፅ። የመጸዳጃ ቤቱ ባዶ ግድግዳ ድምፁን ተቀብሎ እሱም ደገመው።

ሦስተኛው ቧንቧ ጋ የኩባንያው ጥበቃ ቆሟል።

ውኃው ቆመ።

ጥበቃው እጁን ሳያደርቅ ዞረ። መጀመሪያ የካፒቴኑን ሪዝ አየ። ሪዙን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም፤ ከባለቤቱ ቀድሞ በር የሚገባ ሪዝ ነው፣ ሰውየውንም ሪዛሙ ያስባለው እሱ ነው። ቀጥሎ ዝንብን አየ።

«የምን ጎማ መጋዘን?»

«የካፒቴን መኪና ጎማ አልቆበት ነዋ» አለ ዝንብ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ያገለገለ ካለ ፈልግልኝ ብለውኝ። ያንተስ ፒካፕ፣ ወንድሜ፣ አሁንም በሦስት ጎማና በጸሎት ነው የምትሄደው?»

«አሁንማ በጸሎት ብቻ ሆናለች» አለ ጥበቃው፤ ፊቱ ፈታ አለ። «ለእኔም አንድ ጠይቅልኝ እስቲ።»

ጥበቃው ወጣ። ዝንብ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። ቆሽቱ አርሯል።

«ካፒቴን፣ ስንቴ ልለምንዎት? አይድገሙ።»

«አልደግምም።»

«ይኸው ደገሙ።»

«ይኸው ደገምኩ» አለ ሪዛሙ፤ ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማውና ሪዙን ነከሰ። «ምን ላድርግ ልጄ? የተነገረኝን መልሼ ካላልኩ ተራራ ውስጥ ነው የምገባው። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነኝ። ሚስቴ ዳቦ ግዛ ስትለኝ እንኳ እደግምላታለሁ።»

ዝንብ የምሥጢር ስሙ ነው። ስሙን ያወጣችለት «አክስቴ» የሚላት ሴት ናት፤ እሷም አክስቱ አይደለችም። የሠራተኛ ማኅበር ያላቸው የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች፣ ማኅበር የሌላቸውን ወንድሞቻቸውን በስውር የሚረዱበት ክንፍ አላቸው፤ የክንፉ አዛዥ እሷ ናት። ከውጭ ላያት ላውንደሪ ከፍታ ሸሚዝ የምትተኩስ ሴትዮ ነች። «ዝንብን ብርጭቆ ውስጥ እስኪገባ ማንም ልብ አይለውም» ብላ ነው የሰየመችው። ብርጭቆ ውስጥ የገባ ዝንብ ምን እንደሚደረግ ግን አላነሳችም።

ሥራው ሲነግሩት ቀላል ነበር። ይህ አየር መንገድ ማኅበር የለውም። አብራሪዎቹ «ይኑረን» ወይም «ይቅርብን» ብለው ድምፅ ሊሰጡ ነው። ዝንብ የአብራሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ሆኖ ይገባል፤ ጆሮውን ይከፍታል፤ እስከ ድምፁ ቀን ድረስ እርስ በርስ ሳይናከሱ ያደርሳቸዋል። በቃ።

«በቃ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው የተሸወደው።

አብራሪ ለብቻው ሲሆን ወርቅ ነው። አምስት ሆኖ ሲሰበሰብ ግን ከአምስት ድመት ጋር ጆንያ ውስጥ መግባት ይሻላል። ማን ፊት ይቀመጥ በሚለው ብቻ አንድ ሙሉ ስብሰባ አልቋል፤ እነሱ ዘንድ ሁሉ ነገር በቅጥር ዘመን ነው። እንደ ምንም ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ፣ ሞተር እንደሚያስነሱ ሁሉ፣ አንዱ «ብዕር» ሲል ሌላው «ብዕር አለ»፣ አንዱ «በር» ሲል ሌላው «በር ተዘግቷል» ይላል። ይህን ጨርሰው ወደ ቁም ነገሩ ሳይደርሱ ግማሹ በረራ ደርሶበት ይሄዳል።

በዚያ ላይ ሐኪሙ አለ። ኩባንያው በስንት ልመና ያስመጣው ሰው ነው። ማኅበር የሚባል «በሽታ» የጀመረው ድርጅት ሁሉ እየጠራው ዞሮ ያክማል። መርፌ የለውም፤ ጆሮ ይሰበስባል። ሾፌሩንም ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ወዳጄ፣ ሰርቪስ ውስጥ ምን ይወራል?» ብሎ ጠየቀው። ዝንብ አክስቴን አማከረ። «ግባለት» አለችው። ገባለት። እንዲህ ሆኖ ለአብራሪዎቹ መልእክት የሚያመላልስ ደግ ሾፌር፣ ለሐኪሙ ወሬ የሚያቀብል ታማኝ ሾፌር ሆነ። እውነቱን የምታውቀው አክስቴ ብቻ ናት።

አሁን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። እሱ ለሐኪሙ የሚያቀብለው ገለባውን ሆኖ ሳለ፣ ፍሬው እየወጣ ነው። ሆቴል አዳራሽ ሲይዙ አዳራሹ ሙሽራ የሌለው ሠርግ ይገባበታል። ሥልጠና ክፍል ሲሉ ወንበሩ ለጥገና ተጭኖ ይሄዳል። እቴጌ የሚሏት ሴት ካፒቴን ቤት በተሰበሰቡ ቀን ደግሞ የኩባንያው ምክትል ሥራ አስኪያጅ አበባ ይዞ «እግረ መንገዴን ነው» ብሎ ከተፍ አለ። እነዚህን ቦታዎች አስቀድመው የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሪዛሙ፣ እቴጌና አንድ ወጣት ረዳት አብራሪ።

ከሦስቱ አንዱ ይሸጣል።

ስለዚህ ዝንብ ወጥመድ ዘረጋ። ለሐኪሙ ለብቻው «ስብሰባው ቀለም መቀቢያው ክፍል ነው» አለው። ውሸት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሁለተኛ ጆሮውን መጠየቁ አይቀርም። ለሦስቱ ደግሞ «ጎማ መጋዘን» ይላቸዋል። ቀለም መቀቢያ የሚለው ቃል ከሦስቱ ከማን አፍ እንደሚወጣ መጠበቅ ነው።

ከሪዛሙ አልወጣም።

እቴጌን ሰርቪስ ውስጥ አገኛት። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አብራሪዎች ኮታቸውን የሚሰቅሉበት የብረት ዘንግ አለ፤ ኮታቸው ከሚጨማደድ የአውሮፕላን ክንፍ ቢጨማደድ ይመርጣሉ። እቴጌ ኮቷን ልትሰቅል ስትጠጋ ሹክ አላት።

እቴጌ አልደገመችም። ዝንብ ተመስገን ሊል ሲል ጣቷን ቀሰረችበት። «አንተ ድገመው።»

«እመቤቴ፣ የነገርኩዎት እኮ እኔ ነኝ።»

«በትክክል መናገርህን በምን አውቃለሁ? ድገም።»

ደገመ። «ጎማ መጋዘን፣ በኋላ በር፣ ነገ ጠዋት።»

«ልክ ነው» አለችና ሄዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ተቀምጦበት የነበረውን ልጅ አስነስታ።

ከእሷም አልወጣም።

የቀረው አንድ ነው። ያ የቀረው አንድ የእህቱ ባል ነው።

አማቹ እንቅልፍ ሳይጠግብ ሦስተኛ በረራ ሲያዙት «በዚህ ዓይኔ ሰው አሳፍሬ አልነሳም» ያለ ልጅ ነው። ከበረራ አገዱት። ያን ቀን ነው ጉዳዩ የተነሳው፤ ማኅበር ምን ያደርግልናል ይሉ የነበሩት ሁሉ ስለ እሱ ተቆጥተው «ይኑረን» ብለው ፈረሙ። ማኅበሩ ድምፅ ካገኘ አጠገቡ ቆሞ የሚከራከርለት ይኖራል። ካላገኘ ፈቃዱን ይነጥቁታል፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ አብራሪ እግር የሌለው ሯጭ ነው። ሚስቱ፣ የዝንብ ታናሽ እህት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወር ገብቶላታል።

ቤታቸው የደረሰው ለእራት ነው። እህቱ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን የዓሣ ነባሪ ነገር ጨርስልኝ እስቲ።»

ለቤተሰቡ ዝንብ አንድ ሥራ ላይ የማይረጋ ሾፌር ነው። በየመካከሉ ለጠፋባቸው ዓመታት የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ አለው፤ አንበሳ ሲያስተኛ፣ ለንጉሥ ጫማ ሲያሰፋ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ሲፍቅ ነበር። ከስለላ ትምህርት ሁሉ የሠራለት ይህ ነው። ውሸቱ ሲገዝፍ ጠያቂው ይቀንሳል።

እህቱ ብቻ ነች «ከዚያስ?» የምትለው።

«የቱ ጋ አቆምኩ?»

«ምላሱ ላይ ቆመህ።»

«አዎ፤ ምላሱ ላይ ቆሜ የግራ መንጋጋውን ስፍቅ ማዛጋት አማረው።»

«ከዚያስ?»

«ማዛጋት ይጋባል አይደል? እኔም አዛጋሁ። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። አንድ መርከብ ዋሻ መስሏት ልትገባ ነበር።»

እህቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አማቹ ከኩሽና ሆኖ ሳህን ያጥባል፤ አልሳቀም። ዝንብ የበላበትን ሳህን ይዞ ተከተለው። ውኃው ይፈሳል፤ የሳሙናው አረፋ እስከ ክርኑ ደርሷል።

«ጎማ መጋዘን። በኋላ በር። ነገ ጠዋት።»

አብራሪ የተሳሳተ ነገር ሲሰማ ዝም ብሎ አያሳልፍም። አጠገቡ ያለው ሰው ከፍታውን አሳስቶ ከጠራ ሳያስብ፣ ሳይፈልግ፣ አፉ ራሱ ያርማል። ይህ ትምህርት አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው።

«አይደለም፤ ቀለም መቀቢያ» አለ አማቹ።

ሳህኑ አልወደቀም። ሳህን የሚወድቀው በተረት ነው። እጁ ብቻ ውኃው ውስጥ ቀጥ አለ።

ዝንብ የጠበበ ዓይኑን በግድ ከፍቶ ፈገግ አለ። «ኧረ ጎማ መጋዘን ነው። ማነው ቀለም መቀቢያ ያለህ?»

«ጎማ መጋዘን» አለ አማቹ። «አዎ… ከሌላ ነገር ጋር ተምታቶብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ይምታታል፤ አንተም ደክሞሃል» አለና ትከሻውን ነካ አድርጎት ወጣ።

ሰርቪሱ ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ። አንበሳ ሲያስተኛ እንኳ እንዲህ አልተናደደም ነበር፤ በእርግጥ አንበሳ አስተኝቶ አያውቅም። ማንን ይናደድ? ልጁን? ለእሱ ሲሉ የተነሱትን ሰዎች የሸጠውን? ወይስ ሚስቱ ወር ገብቶላት የሚያንገላቱትን? አንዱን መናደድ ሲጀምር ሌላው ይመጣበታል። እንደ አብራሪዎቹ ስብሰባ።

ጠዋት ጎማ መጋዘኑ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር። ሪዛሙና እቴጌ ከውጭ ቆመው ቁልፉን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ቁልፉን ከማየታቸው ይልቅ መተያየታቸው ዝንብን አስፈራው።

ከዚያ ሐኪሙ አስጠራው።

«በሩን ዝጋው።»

ዘጋው።

ሐኪሙ ከረሜላ የሚወድ፣ ጥፍሩን የሚያስተካክል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። በመስኮቱ አውሮፕላኖቹን እያየ ጀርባውን ሰጠው።

«ቀለም መቀቢያ ነበር ያልከኝ።»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ጎማ መጋዘን ነው።»



«ለውጠውት ነው። ይህንኑ ልነግርዎት ስመጣ ነው ያስጠሩኝ። መካከላችን ወሬ አመላላሽ አለ ብለው ጠርጥረዋል።»

ሐኪሙ ዞረ። ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ።



ከዚያ ሳቀ። «ጠረጠሩ? እሰይ። ነገ ስሰበስባቸው እኔው እነግራቸዋለሁ። ከነገ ወዲያ ድምፅ ሲሰጡ አንዱ የሌላውን ፊት ማየት ይጠላል።»

ከመሳቢያው ቀይ ክር የታሰረባት ነጭ ፍላሽ አውጥቶ በጣቱ አንጠለጠለ። «ያ እንቅልፍ አጣሁ ያለው ጀግናቸው የለም? ጓደኞቹን እየዘረዘረ ሲነግረኝ ቀድቼዋለሁ። ድምፁን አሰማቸዋለሁ።»

«የእኔው አማች?»

«ያንተው አማች። አዝናለሁ፣ ወዳጄ። ሥራ ነው።»

«ምን ብለውት ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ወደ ወንበርህ እመልስሃለሁ አልኩት።»

«ይመልሱታላ?»

ሐኪሙ ከልቡ ያዘነ መሰለ። «ጓደኛውን ከሸጠ ሰው ጋር ማን አብሮ ይበራል?»

የዝንብ ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ ቢሮው ከገባ ጀምሮ እየቀዳ ነው። አሁን ማጥመጃውን ጣለ። «ግን ጌታዬ፣ እነሱ እኮ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በዚህች ይፈርሳሉ?»

«የተከበሩ?» ሐኪሙ ተቀመጠ። «አብራሪ ማለት ምን መሰለህ? ክራባት ያሰረ ሾፌር ነው። ልዩነታችሁ አንተ ራስህ ትነዳለህ፤ እሱን አውሮፕላኑ ይነዳዋል። እንቅልፍ አጣን ይላሉ ደግሞ። እዚያ ላይ ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አላቸው?»

«እኔስ ያቀበልኩዎት ወሬ ጠቀመዎት?»

«አንተ ባትኖር ጆሮዬ ድፍን ነበር» አለ ሐኪሙ። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው።

ላውንደሪው ውስጥ እንፋሎቱ ሰው አያሳይም። አክስቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ቅጂውን ሰማችው።

«ልጁን ለጓደኞቹ አውጣውና ጨርስ» አለች። «ከዳተኛ ነው።»

«የእህቴ ባል ነው።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው እኔ የምልህ፤ አንተ ስለማትለው።»

«እሱን ካወጣሁት የተነሱለት ሰዎች ለማን ብለው ድምፅ ይሰጣሉ? ሐኪሙ ሊያደርግ ያሰበውን በገዛ እጃችን ልናደርግለት?»

«ባዶ ፍላሽ ቀይርበት እንግዲያው።»

«ፍላሹ ባዶ ቢሆን በአፉ ይነግራቸዋል። ደግሞ መሸጣቸውን አውቀዋል፣ አክስቴ። ዛሬ ጠዋት ሲተያዩ አይቻቸዋለሁ። የሸጣችሁ ይኸው የሚባል ሰው ካልሰጠናቸው ራሳቸው ይፈጥራሉ።»

«ታዲያ ማንን ልትሰጣቸው ነው?»

«ሾፌሩን።»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆየ። የመቃጠል ሽታ ሲመጣ ነው ያነሳችው።

«ቤተሰብህስ?»

«ስለ ልጁ የተወራውን ቁረጪና አውጪው» አለ ዝንብ። «የቀረውን ነጭ ፍላሽ ላይ ጫኚ። ቀይ ክር አይጠፋሽም አይደል?»

በማግስቱ ሐኪሙ «የአንድ ቤት ልጆች ነን» ለማለት ከአብራሪዎቹ ጋር በሰርቪስ ልሂድ አለ። ግራጫ ኮቱን ከሰማያዊዎቹ ኮቶች መሀል ሰቀለ። ፍላሿን የት እንደከተታት ዝንብ በመስታወቱ ያየ መስሎታል፤ በቀኝ የውጭ ኪስ።

አዳራሹ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ዝንብ ፍሬኑን ረገጠ። ረገጠ ሲባል ቆመበት። ኮቶቹ እንዳሉ ዘንጉን ለቀው እላዩ ላይ ተከመሩ፤ ሦስት ኮፍያ እንደ እንቁራሪት ዘለለ።

«ድመት ናት» አለ ዝንብ።

ድመት የለችም። ግን አንዱ ካፒቴን «ጥቁሯ ናት፣ አየኋት» አለ፤ ሌላው «ዥጉርጉር ናት እንጂ» አለው፤ ክርክር ተነሳ። ዝንብ ከኮቶቹ ክምር ሥር ግራጫውን አወጣ። አቧራውን እያራገፈ ቀኝ ኪስ ገባ።

ባዶ።

ግራ ኪስ። መሐረብ።

ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። «ኮቴን፣ ወዳጄ።»

«አቧራ ይዞታል ጌታዬ፣ ትንሽ ላራግፍልዎት።»

«አምጣው።»

ሐኪሙ እጁን ዘረጋ።

የውስጥ ኪስ። ክሩ ጣቱን ነካው። አንዷ ወጣች፣ አንዷ ገባች፤ ኮቱ ባለቤቱ እጅ ደረሰ። ዝንብ መሪውን ይዞ ሞተሩን አስነሳ፤ ከኋላው ስለ ድመቷ መልክ ገና አልተስማሙም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዝንብ የሰርቪሱን ቁልፍ ይዞ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመ። አማቹ ከፊት አቅራቢያ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ይመለስልኛል ብሎ የሚያምን ሰው አቀማመጥ ነው። ሐኪሙ መድረክ ላይ ወጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስትሰበሰቡ የምንደርስባችሁ ለምን ይመስላችኋል? ከመካከላችሁ የሸጣችሁ አለ። እኔ አልፈርድበትም። ድምፁን ስሙና ፍረዱ።»

የአማቹ ጀርባ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ዝንብ ከሩቅ አየ። አሁን ገባው ልጁን።

ሐኪሙ ፍላሹን ሰካ።

«አብራሪ ማለት ምን መሰለህ?» አለ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ በሐኪሙ በራሱ ድምፅ። «ክራባት ያሰረ ሾፌር ነው።»

ሐኪሙ ፍላሹን ለመንቀል ተንደረደረ። እቴጌ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች፤ ለአንድ ጊዜ የፊት ወንበር ጠቀመ። ተነስታ መሀላቸው ቆመች። ማጉያው አውሮፕላኑ ይነዳዋል አለ፤ ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አላቸው አለ።

ሪዛሙ ከመቀመጫው ተነሳ። ሳይቆጣ፣ ከማማው መልእክት እንደተቀበለ ሰው፣ ጥርት አድርጎ መልሶ ተናገረ።

«ክራባት ያሰረ ሾፌር። ተቀብያለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለ አንዱ ከመሀል።

«ተቀብያለሁ።» «ተቀብያለሁ።» ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ማን ፊት ይቀመጥ በሚለው ያልተስማሙ ሰዎች በአንድ አፍ ተስማሙ። ዝንብ በሕይወቱ እንዲህ ያለ መደጋገም ሰምቶ ደስ ብሎት አያውቅም።

ደስታው እስከ ቀጣዩ ድምፅ ነበር።

«እኔስ ያቀበልኩዎት ወሬ ጠቀመዎት?» አለ ማጉያው።

«አንተ ባትኖር ጆሮዬ ድፍን ነበር።»

ያን ድምፅ ሁሉም ያውቁታል። በየማለዳው «በር ልዝጋ?» የሚላቸው ድምፅ ነው። አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ።

ሐኪሙ ከመድረኩ «እሱ ብቻ አይደለም፣ ሌላም አለ፣ የራሳችሁ…» እያለ ጮኸ። ማንም አልሰማውም። ክራባት ያሰረ ሾፌር ያለ አፍ ከእንግዲህ ምን ቢናገር አይታመንም።

እቴጌ የሰርቪሱን ቁልፍ ከእጁ ነጠቀችው። ሪዛሙ አልሰደበውም፤ ቢሰድበው ይሻል ነበር። «ልጄ ብዬህ» አለ ብቻ፣ ሪዙ ወርዶ።

ሰው መንገድ ከፍቶ አማቹን ወደ ፊት ገፋው። ዘመዱ ምን እንደሚል ሊሰሙ ነው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ።

«ሆቴሉንስ ማነው የነገረው?» አለ፤ ድምፁ አልወጣ እያለ።

«እኔ ነኝ» አለ ዝንብ።

ሆቴሉን የሸጠው ማን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያውቀው ጠያቂው ነው።

«የእቴጌን ቤትስ?»

«እሱንም እኔ።»

አማቹ ዓይኑ ሞላ። ሰዎቹ እልህ መሰላቸው። «ተወው፣ አይገባውም» እያሉ ትከሻውን ያዙት። በግርግሩ መሀል ዝንብ ገፍተውት ሲያልፍ ከልጁ ጆሮ አጠገብ ደረሰ። ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም።

«እህቴን ጠብቃት። ለማንም አትንገር። ነገ ድምፅህን ስጥ።»

ምን ነክቶት እንደተናገረው አያውቅም። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ስህተቱ የገባው። አብራሪ ነው። አሁን ጥርት አድርጎ ይደግመዋል። ሁሉም ነገር አለቀ።

አማቹ አፉን ከፈተ።

«እህትህን መጠበቅ» አለ። «ለማንም አለመንገር። ነገ ድምፅ መስጠት።»

ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ ከግርግሩ በታች ነበር። ዝንብ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲለምን፣ ሲቆጣ፣ ቆሽቱ ሲያርር ኖሮ፣ አንድ አብራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይሰማው ደገመ።

ከዚያ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ «ከእንግዲህ ጋሼ አልልህም» አለ። እሱንም በትክክል አለው።

ማኅበሩ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። አለፈ ሲባል ሐኪሙ ራሱ ውጤቱን እስኪነግሩት አልጠበቀም፤ ሌላ በሽተኛ ድርጅት ጠርቶታል ተባለ። አማቹን ለመቅጣት በጠሩት ቀን ሪዛሙ በቀኙ፣ እቴጌ በግራው ተቀምጠው ወደ ወንበሩ መለሱት። ሕፃኑ ተወለደ፤ ወንድ ይሁን ሴት ለዝንብ የነገረው የለም።

እህቱ አንዴ ደውላ ነበር። አላነሳም፤ ቢያነሳ የሚላት የለውም። የድምፅ መልእክት ትታለታለች። «እኔ እኮ ዓሣ ነባሪውን ሁሉ ከዚያስ ስልህ ነበር» ትላለች። «እዚህ ቤት እንዳትመጣ።» አክስቴ ስልኩን ተቀብላ አዲስ ስልክና አዲስ መታወቂያ ሰጠችው። ሸሚዙንም ተኩሳ።

አሁን ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝ ነው። መርከበኞች ማኅበር ይኑረን አይኑረን እያሉ ነው። ዝንብ አንዱን ሽማግሌ መርከበኛ ገመድ ሲጠቀልል አገኘውና ተጠጋው።

«ጨው መጋዘን። በባሕሩ በር። ነገ ከምሳ በፊት።»

መርከበኛው ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ። አልነቀነቀም፣ አልደገመም፣ ዞሮም አላየውም። ባሕሩ ላይ ተፋና ሄደ። ሰማ? አልሰማም? ከእሱ በፊት ሹክ ያላቸው ሦስቱም እንዲሁ ናቸው። መርከበኛ ለማንም ምንም አይመልስም፤ ከድንጋይ ጋር ማኅበር መመሥረት ይቀላል።

ዝንብ ተናደደ። ከዚያ ማንም እንደማይሰማው አይቶ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ያኔ ለአማቹ የነገረውን ራሱ ደገመው።

«እህቴን መጠበቅ። ለማንም አለመንገር።»

ተቀብያለሁ አለና ጆንያውን ተሸከመ።